መቅደላ ላይ ሰባት አሞራ ብቻ ታየ ብዬ ስለ ፈረምሁት ወረቀት

ለክቡር ጓድ ስማቸው አካሉ፣
የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣ የተደበቀውን ረሀብ የሚያጣራው ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ቀድሞ ቀኛዝማች

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 21 ቀን 1968 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የይለፍ ወረቀት ለአራተኛ ጊዜ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ ወይዘሮ የዓለምዘርፍስ፣ ልጆችስ ደኅና ናቸው? ጤናዎን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ያህል እንዳይመስልዎ አደራ እላለሁ። ከእርስዎ የጠነከሩ፣ ከእርስዎ የተማሩ፣ ከእርስዎ ይልቅ የሚፈሩ ስንት ሰዎች የመንግሥት ለውጥ ብርድ መትቷቸው ሲወድቁ፣ እርስዎ ግን አንዲት ጉንፋን እንኳ ሳትይዝዎ፣ የቀኛዝማችነቱን ካባ አውልቀው የጓድነቱን ካኪ ለብሰው፣ ያንኑ ወንበር ከነትራሱ ይዘው በመሻገርዎ ያገሩ ሰው ሁሉ መድኃኒቱን በነገሩን እያለ ይመኛል። አምላክ ይህን ጤና እንደ ያዘልዎ ያኑርልዎ።

እርስዎ እኔን በሚገባ ያውቁኛል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የሚያነበው ወገን ግን ላያውቀኝ ስለሚችል፣ በእርስዎ ፈቃድ ራሴን ላስተዋውቅ። አድማሴ ወልደ ገብርኤል እባላለሁ። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ፤ ዜማው አልሆነልኝም፣ ጽሕፈቱ ግን ቀናኝ። ከዚያ በኋላ በአምባ መቅደላ የታሪካዊው ቦታ ጠባቂ ሆኜ ዐሥራ አንድ ዓመት አገለገልሁ። በአራተኛው ዓመቴ ወፍ ለማየት አገር ላገር የሚዞር አንድ የውጭ አገር መምህር መጥቶ ወር ያህል አብሮኝ ሲቀመጥ፣ ወፍን በዓይነት መለየትና መቁጠር አስተማረኝ፤ ሲሄድም የሩቅ ማያ መነጽሩን ትቶልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ወፍ ማየት ልማዴ ሆነ። ወንድ ልጅ እህል የማይበላ፣ ሥጋ የማይሆን ነገር ሲቆጥር ይውላል እየተባልሁ ተሥቆብኛል፤ እኔ ግን ከዚያ ሥራ የተሻለ ደስታ በዕድሜዬ አላገኘሁም። ዛሬ በትውልድ ከተማዬ በመካነ ሰላም የትምህርት ቤት መዝገብ ገልባጭ ነኝ። ከከተማው እንዳልወጣ በእርስዎ ፊርማ ከታገድሁ ስምንት ወር ሆኖኛል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የእኅቴ ልጅ በለጡ አራጌ ደሴ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ትገኛለች። ዕድሜዋ ሰባት ዓመት ነው። እናቷም አባቷም፣ ታላቅ ወንድሟም በ1965ቱ ረሀብ አልቀዋል። ማሳደጊያው እስከ ግንቦት 30 ቀን የሥጋ ዘመድ በአካል ቀርቦ ካልተረከባት ከሌሎች ልጆች ጋር ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር እንደምትዛወር በደብዳቤ አስታውቆኛል። ከእኔ በቀር የሥጋ ዘመድ አልቀራትም። ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ይህን ካልሁ ዘንድ ቅሬታዬንና ምስጋናዬን፣ አንዱ ከሌላው እንዳይደባለቅብዎ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ መቅደላ ባሕር።

በጥር ወር 1965 ዓ.ም. ከላይ አንድ ሰርኩላር ወረደ። የተጻፈው ለአንድ የወደብ ከተማ ነበር። ክቡራን እንግዶች በባሕር ጠረፍ በሚገኘው ታሪካዊ ምሽግ ተገኝተው የባሕር ወፎችን ስለሚጎበኙ የወፎቹ ዓይነትና ብዛት በቅጽ ተሞልቶ በአስቸኳይ እንዲላክ ያዛል። እንግዶቹ ከዚያ መልስ ወሎንም ያያሉ ስለ ተባለ ግልባጩ «እንደ አግባቡ እንዲሠራበት» ተብሎ ወደ እኛም መጣ። ያን ጊዜ የአካባቢው ጸሐፊ የነበሩት እርስዎ አግባቡን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብዎትም። የወደቡን ስም ሰርዘው በላዩ «መቅደላ» ብለው ጻፉበት፤ ባሕሩን ግን ሳይሰርዙት ቀሩ። በዚህም ዐፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን የባሕር በር ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላ በአንዲት የቀለም ጭረት ሰጧቸው። ስለዚህ ውለታ ከአገር ወዳዶች ሁሉ በፊት እኔ አመሰግናለሁ።

ትእዛዙ ሲደርሰኝ መቅደላ ባሕር እንደሌላት፣ ከሥሯ የሚወርደው የበሽሎ ወንዝ እንኳ በጥር ሲሻገሩት ከጉልበት እንደማያልፍ በትሕትና ጽፌ መለስሁ። ባሕር መኖር አለመኖሩ የሚመለከተው ክፍል ጉዳይ መሆኑን፣ ቅጹን ባዶ መተው ግን ክልክል መሆኑን የሚገልጽ መልስ ከእርስዎ መጣልኝ። ባዶ መተው ክልክል ስለሆነ እንግዲህ ያለውን ቆጠርሁ።

የአቆጣጠሬን ነገር ሰሌዳውን ለሚያነቡት መግለጽ አለብኝ፤ ኋላ ትልቅ ጉዳይ ሆኗልና። ጥንብ አንሳ በጧት አይነሣም። ፀሐይ ገደሉን እስክታሞቀው ጠብቆ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን ክንፉን ዘርግቶ ይወጣል። እኔ በአምባው አፋፍ ተቀምጬ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ብቻ በጸሎት መቁጠሪያዬ እቆጥራለሁ። አርባ አንዱ ፍሬ ባለቀ ቁጥር አንድ ባቄላ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አዛውራለሁ። የንስሐ አባቴ መቁጠሪያዬ ጥንብ አንሳ ሲቆጠርበት መዋሉን ሲሰሙ ሰባት ቀን ስግደት አዝዘውብኛል። በደኅና ዓመት ታዲያ አንዲት ባቄላ የምትሻገረው በስንት ቀን አንዴ ነበር። በዚያ ጥር ሦስት ቀን በተከታታይ ሰባት ሰባት ባቄላ ተሻገረ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት አሞራ ማለት ነው። ሁሉም የሚያንዣብበው ቀይ አፈር በምትባለው፣ ከአምባው ሥር በምትገኘው መንደር ላይ ነበር። ቀይ አፈር የእኅቴ የብርሀንነሽ መንደር ናት።

2. ስለ ሰባቱ።

የቆጠርሁትን በቅጹ ላይ ሞላሁ፤ በመንደሩ ሰውና ከብት እያለቀ መሆኑንም በኅዳጉ ላይ አከልሁበት። እርስዎም በበቅሎ ከአምባው ወዲህ እስካለችው እስከ ማሻ መጥተው አስጠሩኝ። የተናገሩኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ማስታወሴ ለቃልዎ ያለኝን አክብሮት ያሳያል። እንግዶች ጥንብ አንሳ እንደማይወዱ፣ ብዛቱም ያካባቢውን ስም እንደሚያጎድፍ በእርጋታ አስረዱኝ። ከዚያ እንዴት አድርጌ እንደምቆጥር ጠየቁኝ፤ ነገርሁዎት። ባቄላዎቹን በመዳፍዎ ተቀብለው አንድ በአንድ ቆጠሯቸውና፣ «ሰባት አይደሉም እንዴ? እንግዲያው ሰባት ብለህ ጻፍ። አንተንም አላስዋሸሁህ፣ እኔም አልዋሸሁ» አሉኝ።

እኔም ጻፍሁ። ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ድርሻ እያነሣሁ የራሴን ልሸሽግ አልሻም። ማንም እጄን አልያዘኝም። ከሥራዬ ብባረር በዚያው ሰሞን ከቀይ አፈር ሰዎች ጋር መንገድ ላይ እንደምወጣ አውቅ ነበርና ፈራሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ እህል ይላካል ያሉኝንም ያመንሁት ማመኑ ስለ ቀለለኝ ነው። «ሰባት» ብዬ በአኃዝም በፊደልም ጻፍሁና ፈረምሁ። በወረቀቱ ላይ የእርስዎ ስም አልገባም፤ ያን ቀን ብዕርዎ ቀለም እንደ ጨረሰ ነግረውኛልና።

3. ስለ እንግዶቹ አቀባበል።

ይህን አለማመስገን ነውር ይሆንብኛል። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ሁለት ቀን ሙሉ አሞራ እንዲባረር ነጋሪት አስመቱ። አሞራው ከአንዱ ኮረብታ ተነሥቶ ሌላው ላይ አርፎ ነጋሪቱ እስኪያበቃ ጠበቀ እንጂ አልሄደም፤ የሚበላው ሞልቶ ሳለ ወዴት ይሄዳል? በመንገዱ ዳር የወደቁት ከብቶች እየተጎተቱ ገደል ተጣሉ። እንግዶቹ በኩታበር በኩል መጡ፤ ትልቁን መድፍ ተደግፈው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ድንኳን ውስጥ ምሳ በሉ፤ ባሕሩ የት እንደሆነ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ከመካከላቸው አንዱ የእኔን መነጽር ተቀብሎ ቁልቁል ሲመለከት፣ ጓዛቸውን ተሸክመው በሰልፍ ወደ ደሴ መንገድ የሚወርዱት እነማን እንደሆኑ ጠየቀ። እርስዎም ለአስተርጓሚው ወደ ንግሥ የሚሄዱ ምእመናን ናቸው ብለው ነገሩት። እንግዳው በእምነታቸው ጽናት ተደንቆ ኮፍያውን አነሣላቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ቀጥሎ የምጽፈው ቅሬታም ምስጋናም ስላልሆነ ተራ ቁጥር አልሰጠሁትም። እንግዶቹ በሄዱ በማግስቱ ብርሀንነሽ ወደ አምባው ወጣች። ባሏን አራጌን ከቀበረች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። በለጡን አዝላ፣ ታላቁን ልጅ በእጁ ይዛ መጣች። ምግብ ትለምነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ «ወንድምዓለም፣ አንተ ከላይ ሆነህ ታየናለህ። ያየኸውን ለሹሞቹ ነግረህልናል?» አለችኝ። ነግሬያለሁ አልኋት። እግዜር ይስጥህ አለችኝ። የነበረኝን ጥቂት ገብስ ቋጠርሁላት፤ እሷም ሰልፉን ተከትላ ወረደች። ልጁ መንገድ ላይ እንደ ቀረ፣ እሷም መጠለያ በደረሰች በሦስተኛው ሳምንት እንደ ሞተች የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው። በለጡም ሞታለች ብዬ ስሟን በተዝካሩ ላይ አስጠርቼ ነበር። በሕይወት እንዳለች ያወቅሁት ባለፈው የካቲት፣ የማሳደጊያው ደብዳቤ ሲደርሰኝ ነው። ያን ደብዳቤ ካነበብሁበት ሰዓት ጀምሮ ይህች ከተማ እንደ ጉሮኖ ጠብባኛለች።

4. ስለ ፍትሕ።

አብዮቱ ሲፈነዳ ረሀቡን የደበቁ ሁሉ ይጠየቃሉ ተባለ። ከሰው ጋር ወጥቼ እልል አልሁ። ያን ወረቀት ፈርሜ እንቅልፍ አጥቼ ስለ ነበር፣ ማንም ሳይጠራኝ በገዛ እግሬ ወደ ኮሚቴው ሄጄ የሆነውን ሁሉ ልናገር ቆረጥሁ። በሩ ሲከፈት በሊቀመንበሩ ወንበር ላይ የተቀመጡት እርስዎ ነበሩ። ለካስ ተዛውረው መጥተው ኖሯል። የደበቀውን ሰው እንዲያጣራ የደበቀውን ሰው መሾም ምን ያህል ድካም እንደሚያስቀር የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ፍለጋው በጣም አጭር ይሆናል።

እርስዎ ግን አጭሩን መንገድ ትተው ረጅሙን መረጡ። ከፋይልዎ ውስጥ ያችን የሰባት ወረቀት አውጥተው ፊርማው ያንተ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የኔ ነው አልሁ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሰባት ያልሁበት የመጀመሪያው ወረቀት ደግሞ ለጽሕፈት ቤቱ ደርሶ እንደማያውቅ አስታወቁኝ። ከዚያው ፋይል ውስጥ የዚያ ወረቀት ጠርዝ፣ በኅዳጉ ላይ የጻፍሁት ጽሕፈት እንዳለ፣ ብቅ ብሎ አየሁት። በጣቴ ባመለክት ግን ፋይሉ የመንግሥት ምስጢር ስለሆነ ማየቴ ራሱ ሌላ ክስ ሊያመጣብኝ እንደሚችል በአባታዊ ርኅራኄ አስጠነቀቁኝ። በዚሁ ከመሳፍንት ጋር ተባብሮ ረሀብን የደበቀ ተብዬ ተከሰስሁ። ሰኞና ሐሙስ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እየቀረብሁ እንድፈርም፣ ጉዳዩ እስኪታይም ከከተማው እንዳልወጣ ታዘዝሁ። ጉዳዩ እስከ ዛሬ አልታየም።

ክሱ ሐሰት ነው አላልሁም፤ አልልምም። የምለው ብቻዬን አልፈረምሁም ነው።

5. ስለ መነጽሬ።

በኤግዚቢትነት የተወሰደው መነጽሬ በጥሩ ሁኔታ በሥራ ላይ መሆኑን በማየቴ ደስ ብሎኛል። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ክንፈ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እኔን ይመለከትበታል። ሆኖም የሚያይበት በተገላቢጦሽ፣ በትልቁ መስተዋት በኩል ስለሆነ፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ እጅግ ርቄ እታየዋለሁ። ባለፈው ወርም ተከሳሹ ከከተማው ርቆ ታይቷል ብሎ በሪፖርት ጽፎብኛል። ቢያስተካክሉለት ለአብዮቱም ለእኔም ይጠቅማል።

6. ስለ ሦስቱ ማመልከቻዎቼ።

ስምንት ቀን ብቻ እንዲፈቀድልኝ ባመለከትሁበት በመጀመሪያው ጊዜ የልጂቱ እናት ለመሞቷ ማስረጃ እንዳቀርብ ታዘዝሁ። በዚያ ዓመት ቀባሪው ራሱ ሳይቀበር ለቀበረው ሰው ወረቀት የጻፈበትን አገር እስካሁን አላገኘሁም። በሁለተኛው ጊዜ ከቀይ አፈር መንደር ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው ይመስክሩ ተባልሁ። ቀይ አፈር ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ቢተርፍ ኖሮ እኔም ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ ነበር። ዛሬ እዚያ የሚኖሩት ከሌላ ቦታ መጥተው መሬት የተመሩ ሰዎች ናቸው፤ የብርሀንነሽ ቤት የት እንደ ነበረ እንኳ አያውቁም። በሦስተኛው ጊዜ ደግሞ ልጂቱ ራሷ በአካል ቀርባ ታመልክት የሚል መልስ በማኅተም ታትሞ ተሰጠኝ። እርስዋን ለማምጣት ፈቃድ ስጠይቅ፣ ፈቃዱን ለመጠየቅ እርስዋ ትምጣ ማለትዎ ነው። ይህን መልስ አጣጥፌ በደረት ኪሴ ይዤዋለሁ፤ ዕድሜ ሰጥቶኝ ካረጀሁ ጨዋታ ለሚያምረው ሰው አነበዋለሁ።

እነሆ በዚያ መንደር ሰው ማለቁን የሚናገር አንድ ወረቀት በዓለም ላይ ቢኖር በእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ያለው የእኔ ወረቀት ነው። ማስረጃ አምጣ እያሉ የሚልኩኝ እርስዎ፣ ማስረጃውን ቆልፈው የያዙት እርስዎ፣ ደክሞኝ ስመለስ ወንበር የሚጋብዙኝም እርስዎ ነዎት። በር በሌለው ቤት ውስጥ በሩን ፈልግ እንደ ተባለ ሰው ሦስት ወር ግድግዳ ስዳብስ ከርሜያለሁ። ተናድጃለሁ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት ቃል ቢቸግረኝ እንዲሁ ተናድጃለሁ ብዬ ጻፍሁት።

7. ስለ ዋሴ።

ከተማውን እንዳልለቅ ሰው ዋስ ጥራ ስባል በአንድ ንስሐ አባት ሥር ያለነውን ጓደኛዬን አባተን ጠርቼ ነበር። ክርስቲያን ለክርስቲያን ዘመድ ነው፣ ይመሳጠራል ብለው መለሱት። እስላም ይሁን፣ እሱ ያንተ ነገር አይገደውም፣ ጥብቅ አድርጎ ይይዝሃል ብለው ጎረቤቴን ጨርቅ ነጋዴውን ጀብሪልን ራስዎ መረጡልኝ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የወሎ ሰው አይደሉም እንዳልል እዚሁ ተወልደዋል። በዚህ አገር ዘመድነት በየትኛው በር እንደሚገባ እንዴት እንደ ረሱት አላውቅም። የጀብሪል እናት ለእናቴ ምጥ ዱዓ ያደረጉ ናቸው፤ እኔም ሴት ልጁን አልታየችን ስትታመም ተሸክሜ ጤና ጣቢያ ያደረስሁ ነኝ። ሆኖም ምርጫዎ ሠርቷል። እኔ ከጠፋሁ በምትኬ የሚታሰረው ጀብሪል መሆኑን ስለማውቅ፣ ስምንት ወር ሙሉ ከዚህ ከተማ እንዳልወጣ የያዘኝ ኬላውም ክንፈም ሳይሆን የጀብሪል ውለታ ነው። ወፍ ሲጠመድ እንኳ በክር ይጠመዳል፤ በወዳጁ አንገት የሚጠመድ ወፍ አላየሁም።

ትናንት ወደ ሱቁ ገብቼ ቀኑ ሊያልቅ መሆኑን ነገርሁት። እንዲለቀኝ አልጠየቅሁትም፤ የምነግረው ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነው። አቡጀዲ ለአንዲት ሴት እየለካ ነበር። ለክቶ ጨረሰ፣ ቆርጦ ሰጣት፣ ሸኛትና ወደ እኔ ዞረ። «አብሽር አድማሴ» አለኝ። «አንተ ሂድና ልጂቱን አምጣት። እኔን ቢያስሩኝ የት እንዳለሁ ታውቃለህ። እሷን ግን አንዴ ካሳለፏት፣ ወላሂ አናገኛትም።» ይህን ለማድረግ እንደማልችል፣ ሚስቱና ልጆቹ ምን እንደሚሉኝ ተናገርሁ። ሚስቱ ሐረግ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ ለመንገድ የሚሆነኝን ስንቅ ቋጥራ አመጣችልኝ። አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ እጃቸውን ሳምሁ። አልቅሻለሁም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ የይለፍ መጠየቂያ ሆኖ ተጀምሮ መሰናበቻ ሆኖ አለቀ። ዛሬ ደብረ ምጥማቅ ነው፤ ገበያም ነው። የገበያው ሰው ወደየአገሩ ሲመለስ እኔም ከመካከሉ ሆኜ እወጣለሁ። በየት በኩል እንደምሄድ ብገልጽልዎ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን መንገዱ ገና የሚመለከተው ክፍል አላጸደቀውም። መኪናው ኬላ ላይ ስለሚፈተሽ በእግር ነው፣ ስድስት ቀን ይፈጃል፤ ቀኑ ሳያልፍ ደሴ እደርሳለሁ።

ሰኞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት፣ እኔ በምፈርምበት ሰዓት፣ ጀብሪል ይህን ደብዳቤ በእጁ ይዞ፣ መስገጃውን አንግቦ በደጅዎ ይቆማል። ማንም ሳይዘው ራሱ ስለሚመጣ ፖሊስ አያድክሙ። ለሶላት ሰዓት ሲደርስ ዘወር የሚልበት ንጹሕ ቦታ ይስጡት፤ በክብር ያቆዩት። እስከ ሰኔ 10 ቀን ልጂቱን ይዤ እመለሳለሁ። በለጡን ለሐረግ አስረክቤ፣ እግሬን ታጥቤ፣ ወደ እርስዎ እመጣለሁ፤ ጀብሪልን ይልቀቁት፣ እኔን ይያዙኝ። ያን ቀን ከመሳቢያዎ ሁለቱንም ወረቀቶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ያኑሩልኝ። የምፈርደው እኔ አይደለሁምና ፍርዱን አልፈራም፤ የምፈራው ሳልደርስ ቀኑ እንዳያልፍ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ እኔ በእግሬ ስለሆንሁ ከኋላ እደርሳለሁ።

በሁለት መንግሥት ዘመን ለክቡርነትዎ ትእዛዝ ሲታዘዝ የኖረ፣ ባዶ ቅጽ መተው የማያውቅ፣ ዛሬ ግን የሰኞውን የፊርማ መዝገብ ባዶ ትቶ የሄደ አገልጋይዎ፣

አድማሴ ወልደ ገብርኤል

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ደጅ
በጽሞና እንዲያነቡት ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር

ማስታወሻ፦ በለጡ ነፍስ ስታውቅ እናቴ በምን ሞተች ብላ መጠየቋ አይቀርም። ወረቀቱን የፈረምሁት እኔ ነኝና የራሴን ስም አስቀድሜ እነግራታለሁ። የእርስዎን ስም ግን አልነግራትም። እጇን ይዤ እስከ ቤትዎ ደጅ አደርሳታለሁ፤ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት።